መድኃኒቱ ካለቀ በኋላ የሚነሣው ትኩሳት

ታሪኩ ብዙ ጊዜ የሚጀምረው ደስታው ካለፈ በኋላ ነው። በታች ጋይንት፣ ከአርብ ገበያ ወጣ ብሎ ካሉት ቀበሌዎች በአንዱ የሚኖር ገበሬ ዓመት ሙሉ የሥጋ ደዌ መድኃኒቱን ሳያጓድል ወስዶ፣ የመጨረሻዋን ማሸጊያ ጨርሶ፣ «በቃ፣ ድነሃል» ተብሎ ወደ እርሻው ይመለሳል። ርቆት የነበረው ጎረቤት ቡና ይጠራዋል። ከወራት በኋላ፣ አንዳንዴም ዓመት አልፎ፣ አንድ ማለዳ ብርድ ብርድ ይለዋል። መገጣጠሚያው ሁሉ ይቆረጥመዋል። ፊቱ፣ ክንዱና ቅልጥሙ ላይ የባቄላ ፍሬ የሚያህሉ፣ ከቆዳው በታች የደደሩ እብጠቶች ይወጣሉ፤ ጋቢው ሲነካቸው እንኳ ያስጮኹታል። ሌሊቱን ሲገላበጥ ያድራል።

የቤተ ዘመዱ ፍርድ ከሐኪሙ ይቀድማል። አንዱ «ተመለሰበት» ይላል። ሌላው «መድኃኒቱ ነው የመረዘው» ይላል። ከወዲያ ጥግ ደግሞ «ዘሩ ውስጥ ያለ ነገር የት ይሄዳል?» የሚል ድምፅ ይሰማል። ቡናው ይቀራል።

ሦስቱም ፍርዶች ስሕተት ናቸው፤ ሦስቱም ደግሞ ሰው ይጎዳሉ። በዚያ ገበሬ ላይ የወረደው ሕመም የራሱ ስም አለው። ሐኪሞች ኤሪቴማ ኖዶሰም ሌፕሮሰም፣ ባጭሩ ኢኤንኤል ይሉታል፤ በሕክምና ክፍሉ ውስጥ የሚዘወተረው ቃል ግን «ሪአክሽን» ነው። ጥቂት ሰዎችን ብቻ የሚይዝ፣ በቆዳ ላይ የሚታይና ከሰውነት መከላከያ ሥርዓት መታወክ የሚመጣ ብግነት ነው። ብርቅ መሆኑ ራሱ ችግር ሆኗል፤ ጎረቤቱ ቀርቶ ብዙ የጤና ባለሙያ እንኳ በሥራ ዘመኑ ጥቂት ጊዜ ብቻ ያየዋል።

«ተመለሰበት»

የሥጋ ደዌን ባክቴሪያ ለመጀመሪያ ጊዜ ያየው ኖርዌያዊው ሐኪም ጌርሃርድ አርማወር ሃንሰን ነው፤ ዘመኑም እ.ኤ.አ. 1873 ነበር። ባክቴሪያው እጅግ ዝግ ብሎ ይራባል። ወደ ሰውነት ከገባ በኋላ ምልክት እስኪያሳይ በአማካይ አምስት ዓመት፣ አንዳንዴም ሃያ ዓመትና ከዚያ በላይ ይቆያል። የአንዳንዱ ሰው መከላከያ ባክቴሪያውን ገና ከጅምሩ ያፍነዋል፤ እንዲህ ባለው ሰው ላይ ጥቂት ስሜት የሌላቸው ነጠብጣቦች ብቻ ይታያሉ። የሌላው ሰው መከላከያ ባክቴሪያውን ለይቶ መምታት ያቅተዋል፤ ያኔ ተሕዋሲው በቆዳውና በነርቮቹ ውስጥ እስኪጠግብ ይባዛል። ሐኪሞች ይህን ሁለተኛውን ዓይነት ሌፕሮማተስ ይሉታል። ኢኤንኤል የሚነሣው በዚህ ወገን ነው፤ ሌፕሮማተስ ካለባቸው ሰዎች እስከ ግማሽ የሚደርሱትን ያገኛቸዋል።

መድኃኒቱ ባክቴሪያውን ይገድለዋል። በዚህ ላይ ጥርጥር የለም። የሞተው ባክቴሪያ ግን ወዲያው ከሰውነት አይወጣም። የጋይንት ገበሬ ይህን ለመረዳት ሩቅ መሄድ አያስፈልገውም፤ ጎተራ ውስጥ የገባን ነቀዝ መድኃኒት ይገድለዋል፣ ሬሳው ግን ከእህሉ ጋር ይቀራል፣ ተነፍቶ እስኪወጣ ድረስ። ሰውነትም የሞተውን ባክቴሪያ ስብርባሪ ለማጽዳት ወራት፣ ብዙ ከነበረም ዓመታት ይፈጅበታል። ስብርባሪው እዚያው ቆዳው ውስጥ፣ ነርቩ አጠገብ፣ መገጣጠሚያው ዙሪያ ተቀምጦ ይቆያል።

ኢኤንኤል የሚነሣው ሰውነት በዚህ ስብርባሪ ላይ ድንገት ሲቆጣ ነው። ቀድሞ ባክቴሪያውን ለይቶ መምታት ያቃተው መከላከያ፣ አሁን ለቅሪቱ የሠራው ፀረ እንግዳ አካል ከቅሪቱ ጋር እየተያያዘ በሕብረ ሕዋስና በደም ሥሮች ዙሪያ ይከማቻል። ኒውትሮፊል የሚባሉት ነጭ የደም ሕዋሳት ወደዚያ ይጎርፋሉ። ቲኤንኤፍ የሚባለውና መሰሎቹ የብግነት መልእክተኞች በደም ውስጥ ይበዛሉ። ትኩሳቱን፣ ቁርጥማቱንና የሚያቃጥለውን እብጠት የሚያመጡት እነዚህ ናቸው።

ስለዚህ ገበሬው የታመመው የሞተው ነቀዝ ሕይወት ዘርቶ አይደለም። ማበጠሩ ከልክ አልፎ እህሉንም አብሮ ስለበተነው ነው።

በርግጥ ሥጋ ደዌ መድኃኒቱ ካለቀ በኋላ እውነትም የሚያገረሽበት ጊዜ አለ፤ ጥቂት ነው፣ ሲሆንም ብዙውን ጊዜ ከዓመታት በኋላ፣ ያለ ሕመምና ያለ ትኩሳት፣ ቀስ ብሎ ነው የሚመጣው። ሪአክሽን ግን በሰዓታትና በቀናት ውስጥ ድንገት ይነሣል፣ ያማል፣ ያተኩሳል። ልዩነቱን ለማወቅ የተማረ ዐይንና ከቆዳው ላይ የሚወሰድ ናሙና ያስፈልጋል እንጂ የጎረቤት ግምት አይበቃም።

«መድኃኒቱ ነው የጎዳው»

ይህኛው እምነት ከሁሉም ይበልጥ አደገኛ ነው፤ ምክንያቱም እውነት ይመስላል። ሪአክሽኑ መድኃኒቱ ካለቀ በኋላ ብቻ አይመጣም። ብዙውን ጊዜ የሚነሣው ሕክምናው በተጀመረ በመጀመሪያው ዓመት ውስጥ ነው፤ አንዳንዱ ላይ ደግሞ መድኃኒት ገና ሳይቀምስ ይመጣበታል። ሰውየው ደኅና ነኝ እያለ ክኒን ጀምሮ በሦስተኛው ወር እሳት የሚመስል እብጠት ቢወጣበት፣ ጣቱን ወደ ክኒኑ ቢቀስር አይፈረድበትም።

ክኒኑን ቀረብ ብሎ ማየት ጥሩ ነው። ባክቴሪያ ለበዛበት አዋቂ የሚሰጠው ማሸጊያ የ28 ቀን ነው፤ ሦስት መድኃኒቶች አሉበት፦ ሪፋምፒሲን፣ ክሎፋዚሚንና ዳፕሶን። የመጀመሪያው ቀን ድርሻ ከበድ ይላል፤ ባለሙያው ፊት ለፊት ቆሞ ሲያይ ይዋጣል። ሪፋምፒሲን 600 ሚሊ ግራም፣ ክሎፋዚሚን 300፣ ዳፕሶን 100 ነው። ከዚያ በኋላ ለ27 ቀን በየቀኑ ቤት ውስጥ 50 ሚሊ ግራም ክሎፋዚሚንና 100 ዳፕሶን ይወሰዳል። እንዲህ እየተባለ 12 ማሸጊያ ያልቃል። የዓለም ጤና ድርጅት ይህን ጥምር ሕክምና የመከረው እ.ኤ.አ. 1981 ነው፤ ኢትዮጵያ ውስጥም እ.ኤ.አ. ከ1983 ጀምሮ ተሠራበት። ኖቫርቲስ የተባለው ኩባንያ ከ2000 ጀምሮ መድኃኒቱን በነፃ ስለሚሰጥ ታማሚው ሳንቲም አይጠየቅም።

ክኒኖቹ የሚያደርጉትን ነገር አስቀድሞ የሚነግር ሰው ከሌለ ድንጋጤ ይመጣል። ሪፋምፒሲን በተወሰደበት ቀን ሽንት ቀይ ይሆናል፤ ደም አይደለም። ክሎፋዚሚን ቆዳን ያጠቁራል፤ በተለይ ነጠብጣቡ የነበረበትን ቦታ። ገበያ ላይ «ምን ሆኖ ነው እንዲህ የጠቆረው?» የሚያስብለው ይህ ነው። ጥቁረቱ መድኃኒቱ ካለቀ በኋላ ቀስ በቀስ ይለቃል። ይህንን ሳይሰሙ ቤታቸው የገቡ ሰዎች ማሸጊያውን ሳጥን ሥር ወሽቀው ቢያቆሙት ጥፋቱ የነሱ ብቻ አይደለም።

ነገሩን ሁሉ መድኃኒቱ ንጹሕ ነው ብሎ መዝጋት ደግሞ ሐቅ አይሆንም። ዳፕሶን ጥቂት ሰዎች ላይ ብርቱ አለርጂ ያመጣል። ይህም አብዛኛውን ጊዜ በመጀመሪያዎቹ ስድስት ሳምንታት ውስጥ ነው የሚታየው፤ ትኩሳት፣ መላ አካልን የሚያዳርስ ሽፍታና የዐይን ቢጫ መሆን ይኖረዋል። እንዲህ ሲሆን መድኃኒቱ ሳይውል ሳያድር መቆም አለበት፤ የሚያስቆመውም ሐኪሙ ነው። ኢኤንኤል ሲሆን ግን ትእዛዙ ተቃራኒ ነው፦ የሥጋ ደዌው መድኃኒት አይቋረጥም። ይቀጥላል፤ በላዩ ላይ ሪአክሽኑን የሚያበርድ ሌላ መድኃኒት ይጨመራል። ክሎፋዚሚን ራሱ ብግነት የማብረድ ጠባይ ስላለው፣ ብዙዎች «ጎዳኝ» ብለው የሚጥሉት ክኒን እንዲያውም ሊረዳቸው የሚችለው ነው።

ያልቀላው ቀይ እብጠት

የሕክምና መጻሕፍት የኢኤንኤልን እብጠት ቀይ ነው ይላሉ። መጻሕፍቱ በአብዛኛው ነጭ ቆዳ እየታየ የተጻፉ ናቸው። በጥቁርና በጠይም ቆዳ ላይ ቅላቱ አይጎላም፤ እብጠቱ የጠቆረ ወይም ከዙሪያው ቆዳ የማይለይ ሊመስል ይችላል። ስለዚህ ከማየት ይልቅ መዳሰስ ይቀድማል። ባለሙያ የሆነ ሰው ክንዱን በጣቱ ጫፍ ቀስ እያለ ይደባብሳል፤ ከቆዳው ሥር የደደረውን ሲያገኘው ትንሽ ይጫነዋል፤ ታማሚው ፊቱን ካጨማደደ ምልክት ነው። ከዚያ በክርን ውስጠኛ ጎን የሚያልፈውን ነርቭ ይዳስሳል፤ ካበጠና ካመመ ጊዜ የሚሰጥ ነገር አይደለም። የጥጥ ክር ወስዶ መዳፉንና ውስጥ እግሩን ይነካካል፤ ታማሚው ዐይኑን ጨፍኖ የተነካበትን በጣቱ ያሳያል። ትንሿን ጣት ወደ ውጭ ገፍቶ እንዲይዝ ይነግረውና ኃይሏን ይለካል። ለዚህ ሁሉ የሚያስፈልገው ጥጥና ትዕግሥት ብቻ ነው።

እብጠቱን ብቻ አይቶ መሄድ ግን ስሕተት ነው። ኢኤንኤል በቆዳ ይታወቅ እንጂ መላ አካልን የሚያናጋ ሕመም ነው። ዐይን ይቀላል፣ ያማል፣ ብርሃን ይፈራል፤ ካልታከመ ማየት ሊሳነው ይችላል። የወንድ የዘር ፍሬ ያብጣል፤ ደጋግሞ ካበጠ ልጅ መውለድን ሊያስቀር ይችላል፤ ይህን ደግሞ የአገሬው ወንድ አፍሮ አይናገረውም፣ ካልተጠየቀ አያወጣውም። ንፍፊት ያብጣል፣ አጥንት ያማል፣ ሽንት ውስጥ ፕሮቲን ይገኛል። ነርቭ ከተጎዳ እጅ ይሰንፋል፣ እግር ይሰንፋል። ሥጋ ደዌ ሲባል ሰው አእምሮ ውስጥ የሚመጣው የጎበጠ ጣት ብዙ ጊዜ የሚመጣው በዚህ ዓይነት ቁጣ ወቅት በሚጎዳ ነርቭ ነው።

ትኩሳቱና ቁርጥማቱ ሌላ መንገድ ይከፍታል። በቆላው ወገን የሚኖር ሰው ሲያተኩሰው መጀመሪያ የሚታሰበው ወባ ነው፤ ደጋ ላይ ታይፎይድ ወይም ምች ይባላል። የወባ ክኒን ይሰጠዋል፤ ኢኤንኤል ደግሞ አንዳንዴ በቀናት ውስጥ በራሱ ጋብ የሚል ስለሆነ «ወባው ለቀቀው» ይባላል። ከሳምንታት በኋላ ሌላ ዙር ይወጣል። እንዲህ እየተነሣ እየተኛ ዓመታት የሚቆይበት ሰው አለ። ጤና ጣቢያ የሚመጣ ሰው ከዚህ በፊት የሥጋ ደዌ መድኃኒት መውሰዱን በራሱ አንደበት ቢናገር ብዙ ነገር ያቀላል። መናገሩ ግን ቀላል አይደለም። «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» የሚለው የአገር አባባል ለታማሚው ተግሣጽ ሆኖ ይነገራል፤ የሚያስደብቀው ማን እንደሆነ ግን ብዙም አይጠየቅም።

«ዘር ነው»

በዐማራ አገር ጋብቻ ሲታሰብ ሽማግሌ ከመላኩ በፊት ዘር ይጣራል። ከሚጣሩት ነገሮች አንዱ በቤተሰቡ ሥጋ ደዌ ያለበት ሰው መኖሩ ነው። አያቱ የታመመች ልጅ በዚህ ምክንያት ሳትታጭ ልትቀር ትችላለች። እምነቱ የተነሣበት ነገር ይገባል፤ በሽታው በአንድ ቤት ውስጥ ሲደጋገም ይታያል። የሚደጋገመው ግን አንድ ጣሪያ ሥር ለዓመታት አብረው ስለሚተነፍሱ ነው። ባክቴሪያው የሚተላለፈው ሕክምና ካልጀመረ ታማሚ በአፍንጫና በአፍ በሚወጣ ጠብታ፣ ለረዥም ጊዜ ተቀራርበው በሚኖሩ ሰዎች መካከል ነው ተብሎ ይታመናል። ወላጅ ለልጁ በደም የሚያወርሰው በሽታ አይደለም። በዚያ ላይ ከሰው ልጅ 95 በመቶ የሚሆነው ባክቴሪያው ቢገባበት እንኳ አይታመምም፤ መከላከያው ያሸንፈዋል። በወር አበባ ወቅት የተፀነሰ ልጅ በሥጋ ደዌ ይያዛል የሚለው፣ በብዙ የአገሪቱ ክፍል የሚሰማው ወሬ ደግሞ ምንም መሠረት የለውም፤ እናትን ያለ በደሏ ተጠያቂ ከማድረግ በቀር።

ሪአክሽኑስ ይተላለፋል? በፍጹም። የአንድ ሰው መከላከያ በገዛ አካሉ ውስጥ ባለ ቅሪት ላይ መቆጣቱ ወደ ሌላ ሰው የሚሄድበት መንገድ የለም። ሥጋ ደዌው ራሱም ቢሆን መድኃኒት በተጀመረ በቀናት ውስጥ መተላለፉ ያቆማል። እብጠቱ የባሰበት ያ ገበሬ፣ ጎረቤቱ በጣም በሚፈራው በዚያች ሳምንት፣ ለማንም ስጋት አይደለም።

ማግለሉ ጥንታዊ ባህል ነው የሚሉም አሉ፤ ነገሩ እንደዚያ ቀላል አይደለም። ፖርቱጋላዊው ቄስ ፍራንሲስኮ አልቫሬዝ ከ1520 እስከ 1526 እ.ኤ.አ. በኢትዮጵያ ቆይቶ በጻፈው መጽሐፍ፣ ሥጋ ደዌ ያለባቸው ሰዎች ከሕዝቡ ተለይተው እንደማይኖሩ፣ በመንፈሳዊ ፍቅር እነሱን የሚያጥቡና ቁስላቸውን በእጃቸው የሚነኩ ሰዎች እንዳሉ መዝግቧል። የዚያ ዘመን አውሮፓ ታማሚዎቹን ከከተማ ውጭ ያኖር ነበር። ይህ መዝገብ ዛሬ ቡናውን ለሚከለክል ሰው ሊነበብለት ይገባል።

እዚህ ላይ አንድ የቃል ጉዳይም አለ። በመጽሐፍ ቅዱስ አማርኛ «ለምጽ» የተባለው ብዙ ዓይነት የቆዳ ሕመምን የሚይዝ ቃል ነው፤ ዛሬ ግን ሰው ለምጽ የሚለው ነጭ ሆኖ የሚታየውን የቆዳ መለወጥ ነው። ይህኛው ለምጽም የመከላከያ ሥርዓት ሥራ ነው፤ ሰውነት ለቆዳ ቀለም የሚሰጡትን ሕዋሳት ይመታል። ከሥጋ ደዌ ጋር ግን አይገናኝም። መለያው ስሜት ነው፤ ለምጽ ያለበት ቦታ ላይ ዝንብ ቢያርፍ ይታወቃል፤ የሥጋ ደዌ ነጠብጣብ ላይ ብዙ ጊዜ አይታወቅም። ሁለቱን በማደባለቅ ስንት ጤነኛ ሰው ማዕድ እንደተለየበት ማሰብ ያሳዝናል።

ፊቱ የሞላው ሰው

ኢኤንኤል መድኃኒት የለውም የሚሉ አሉ፤ በአንድ ክኒን ይድናል የሚሉም አሉ። እውነቱ በመካከል ነው፤ ይህንንም በቅጡ መናገር ያስፈልጋል።

ዋናው መድኃኒት ፕሬድኒሶሎን የሚባለው ስቴሮይድ ነው። የተቆጣውን መከላከያ ያበርዳል። ሲሠራ ደግሞ እንደ ተአምር ነው፤ ሌሊቱን ሲጮህ ያደረ ሰው በቀናት ውስጥ ተነሥቶ ይቀመጣል። አደጋውም እዚሁ ነው። እፎይታውን ያየ ታማሚ ሕመሙ ሲመለስ ወደ ሐኪም መሄዱን ትቶ ያንኑ ክኒን ከመድኃኒት ቤት መግዛት ይቀናዋል። በመጠኑና በጊዜው ያልተያዘ ፕሬድኒሶሎን ስኳር በሽታ ያመጣል፣ የደም ግፊት ይጨምራል፣ አጥንት ያሳሳል፣ የዐይን ሞራ ይጋርዳል፣ የተኛ የሳንባ ነቀርሳ ይቀሰቅሳል። ፊትን ክብ አድርጎ ይሞላል። መንደሩ «አሁንስ ወፈረ፣ ተመቸው» ሲል ሰውየው ውስጥ ውስጡን እየተጎዳ ሊሆን ይችላል። ድንገት ማቆምም አደገኛ ነው፤ ሰውነት የራሱን ስቴሮይድ መሥራት አቁሞ ስለሚቆይ ባዶውን ይቀራል።

ለገጠር ሰው በተለይ የሚያስፈልግ አንድ ጥንቃቄ አለ። ባዶ እግር ከሚሄድበት አፈር በቆዳ በኩል የሚገባ ስትሮንጂሎይድስ የሚባል ጥቃቅን የአንጀት ትል አለ። በጤነኛ ሰው ላይ ለዓመታት ድምፁን አጥፍቶ ይኖራል። መከላከያው በስቴሮይድ ሲታፈን ግን መላ ሰውነት ውስጥ ሊሰራጭና ሊገድል ይችላል። ስለዚህ ስቴሮይድ ከመጀመሩ በፊት የትል መድኃኒት መስጠት ትንሽ የምትመስል፣ ነፍስ የምታድን ሥራ ናት።

ይህ ሁሉ ወረቀት ላይ ያለ ስጋት ብቻ አይደለም። በአዲስ አበባ፣ ዘነበወርቅ በሚባለው ሰፈር ያለው አለርት ሆስፒታል በ1965 እ.ኤ.አ. የመላ አፍሪካ የሥጋ ደዌ ማገገሚያና ማሠልጠኛ ማዕከል ሆኖ የተቋቋመ ነው። እዚያ የታከሙ ሰዎችን መዝገብ ወደ ኋላ ሄዶ የመረመረ፣ በ2014 እ.ኤ.አ. የታተመ ጥናት፣ ኢኤንኤል ያለባቸው ታማሚዎች ከሌሎቹ የሥጋ ደዌ ታማሚዎች ይልቅ ለሞት የተጋለጡ እንደሆኑ አሳይቷል፤ ለረዥም ጊዜ የሚወሰድ ስቴሮይድም በምክንያትነት ተጠቅሷል። «የቆዳ ሕመም አይገድልም» የሚል ሰው ይህን ይስማ።

ለዚህ ነው ተመራማሪዎች ስቴሮይድን የሚተካ ወይም የሚያቃልል ነገር የሚፈልጉት። በአለርት ግቢ ውስጥ በ1970 እ.ኤ.አ. ሥራ የጀመረው የአርማወር ሃንሰን የምርምር ተቋም፣ ባክቴሪያውን ባገኘው ሰው ስም የተጠራ፣ ገና ከጥንስሱ የሥጋ ደዌን የመከላከያ ሥርዓት ሳይንስ ሲያጠና የኖረ ነው። ተመራማሪው ኤደሳ ነገራና ባልደረቦቹ በአለርት 46 የኢኤንኤል ታማሚዎችን ሪአክሽን ከሌለባቸው 31 የሌፕሮማተስ ታማሚዎች ጋር አወዳድረው፣ በደማቸው ውስጥ የብግነቱን መልእክተኞችና ሕዋሳት ተከታትለዋል። ዶክተር ሳባ ላምበርትና ዶክተር ሽመልስ ዶኒ የተሳተፉበት ቡድን ደግሞ ሳይክሎስፖሪን የተባለውን መድኃኒት ከፕሬድኒሶሎን ጋር በሁለት አነስተኛ ሙከራዎች አነጻጽሮ ውጤቱን በ2016 እ.ኤ.አ. አሳተመ፤ ሪአክሽኑ ለመጀመሪያ ጊዜ በያዛቸው ሰዎች ላይ ሳይክሎስፖሪኑ የሕመሙን መመለስ አዘግይቷል። አለርት ከብራዚል፣ ከሕንድ፣ ከኔፓል፣ ከባንግላዴሽና ከፊሊፒንስ ማዕከላት ጋር ኢንሊስት በተባለው ዓለም አቀፍ የኢኤንኤል ጥናት ውስጥ አንዱ አባል ነው። ስለዚህ ብርቅ በሽታ የሚታወቀው ነገር አንድ ክፍል የተገኘው ከኢትዮጵያውያን ታማሚዎች ደም ነው።

ታሊዶማይድ የሚባል ሌላ መድኃኒትም አለ። ታሪኩ ያስፈራል። በ1957 እ.ኤ.አ. ጀርመን ውስጥ ለእንቅልፍና ለነፍሰ ጡሮች ማቅለሽለሽ ተሸጦ፣ ከ10 ሺህ በላይ ሕፃናት እጅ እግራቸው ተጎድቶ ከተወለዱ በኋላ በ1961 ከገበያ ወጣ። በ1964 ያዕቆብ ሼስኪን የተባለ ሐኪም ኢየሩሳሌም ውስጥ፣ በኢኤንኤል ሕመም እንቅልፍ ላጡ ታማሚዎች ለእንቅልፍ ብሎ ሰጣቸው፤ እንቅልፉ ብቻ ሳይሆን እብጠቱም ጠፋ። በ1998 አሜሪካ ለዚሁ ሕመም ፈቀደችው። ልትፀንስ ለምትችል ሴት ግን ዛሬም እጅግ አደገኛ ነው። በአለርት እነዚያ ጥናቶች በተደረጉበት ጊዜ መድኃኒቱ ኢትዮጵያ ውስጥ አይገኝም ነበር። ሴቶችን በሚመለከት ሌላም ነገር አለ፤ እርግዝናና ጡት ማጥባት ሪአክሽኑን ሊቀሰቅሱት ይችላሉ። ሥጋ ደዌ ታክማ የምታውቅ እናት በእርግዝና ክትትሏ ላይ ይህን ብትናገር፣ ከወለደች በኋላ የሚመጣው ትኩሳት «ምጥ ያመጣው ብርድ ነው» ተብሎ አይታለፍም።

ጸበሉና ክኒኑ

ስለ እምነት ሳይነሡ ስለ ሥጋ ደዌ መጻፍ አይቻልም። ብዙ ታማሚ ከጤና ጣቢያ በፊት ጸበል ቦታ ይደርሳል፤ ሰው በሸሸው ጊዜ ያስጠጋውም ያ ቦታ ነው። ይህን የሚያንቋሽሽ ሐኪም ታማሚውን ያጣዋል። ጉዳቱ የሚመጣው ጸበል ሲጀመር ክኒኑ ይቁም ሲባል ነው። በኤች አይ ቪ ዘመን እንጦጦ ላይ የታየው ይኸው ነበር፤ በ2007 እ.ኤ.አ. በጊዜው የነበሩት ፓትርያርክ አቡነ ጳውሎስ ጸበልም መድኃኒትም የእግዚአብሔር ስጦታ በመሆናቸው ጎን ለጎን መሄድ እንደሚችሉ በይፋ ተናግረዋል። ለሥጋ ደዌ ክኒንም ሆነ ለፕሬድኒሶሎን ከዚህ የተለየ ነገር የለም። ድንገት የተቋረጠ ፕሬድኒሶሎን ሰው እንደሚጥል የንስሐ አባቶች ቢያውቁት፣ «መድኃኒትህን ሳትተው ተጠመቅ» የሚለው ቃል ከነሱ አፍ ሲወጣ ከማንም ባለሙያ ምክር የበለጠ ይሰማል።

ኢትዮጵያ ሥጋ ደዌን ከ10 ሺህ ሰው ከአንድ በታች በማድረግ የሕዝብ ጤና ችግር ከመሆን አወጣሁ ያለችው በ1999 እ.ኤ.አ. ነው። ከዚያ በኋላ ብዙ ሰው በሽታው የጠፋ መሰለው። አልጠፋም፤ በየዓመቱ 3 ሺህ ገደማ አዲስ ታማሚ ይመዘገባል፣ አብዛኞቹም ባክቴሪያ የበዛባቸው፣ ማለትም ለኢኤንኤል የሚጋለጡት ወገን ናቸው። የጠፋው ዕውቀቱ ነው። በፊት በየጤና ጣቢያው ነርቭ መዳሰስ የሚያውቅ ሰው ነበር፤ ያ ትውልድ ጡረታ እየወጣ ነው። ከታች ጋይንት፣ ከስማዳ ወይም ከእስቴ የተነሣ ታማሚ ደብረ ታቦር፣ ከዚያም ባሕር ዳር፣ አንዳንዱ ወሎ ቦሩ ሜዳ ወይም አዲስ አበባ አለርት እስኪደርስ ነርቩ አይጠብቀውም። ነርቭ ከታመመ ከስድስት ወር በታች ከሆነ ብዙ ጊዜ በሕክምና ይመለሳል፤ ከዚያ ካለፈ ተስፋው ይመነምናል። ለዚህ ነው ጥጥ ይዞ መዳፍ የሚነካካ አንድ ሰው በቅርብ መኖሩ ከሩቅ ሆስፒታል የሚበልጠው።

የሕክምናው አካሄድ ለአርብ ገበያ ሰው የሚመች ሒሳብ አለው። የዓለም ጤና ድርጅት ለሪአክሽን ሲመክረው የቆየው የተለመደ የፕሬድኒሶሎን ዙር 12 ሳምንት ነው፤ ለአዋቂ በቀን ከ40 ሚሊ ግራም ተነሥቶ በየሁለት ሳምንቱ ወደ 30፣ 20፣ 15፣ 10 እና 5 እየወረደ ያልቃል። መጠኑን የሚወስነው ሐኪሙ ነው፤ ለብዙ የኢኤንኤል ታማሚም አንድ ዙር አይበቃም። ሳምንቱ ግን በገበያ ቀን ይቆጠራል። አሥራ ሁለት ዓርብ ማለት ነው። በየሁለት ገበያው አንድ ደረጃ ይወርዳል። ማር ወይም ጤፍ ሊሸጥ የወጣ ሰው በዚያው ጤና ጣቢያ ገብቶ፣ ዐይኑንና ክንዱን አሳይቶ፣ ሽንቱን አስመርምሮ፣ የሚቀጥሉትን ሁለት ሳምንታት ክኒን ቆጥሮ ተቀብሎ ይመለሳል። ስምንተኛው ገበያ ላይ፣ መጠኑ 15 ላይ በደረሰበት ሰሞን፣ ያ ብርድ ብርድ ማለት ቢመለስበት፣ ሌላ ዓርብ ሳይጠብቅ በማግሥቱ ይመጣል፤ ካርዱ ላይ የተጻፈው የመጨረሻው የእጁ ኃይል ልኬት እዚያው ይጠብቀዋል።